ለመረጡት መጠን የማይበቃ ፎቶ

ዴንቨር አጠገብ ሌክውድ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ምሳ ሰዓቴ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ቴክስት አስገባ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚለው፦ «የላኩት ምስል ለመረጡት መጠን አይበቃም። ቢታተም ይደበዝዛል። ዋናው ፋይል ካለዎት እባክዎ ይላኩልን።» ከሥሩ ደግሞ ትእዛዙ ተጽፏል። ሃያ አራት በሠላሳ ስድስት ኢንች፣ አንድ ፍሬ። የምስሉ ስፋት ሦስት መቶ ስልሳ ፒክስል፣ ቁመቱ አምስት መቶ አርባ።

መጀመሪያ አጭበርባሪ ነው ብዬ ልሰርዘው ነበር። ጣቴን እንዳነሳሁ የሱቁን ስም አየሁ። ኦሮራ፣ ሀቫና መንገድ ላይ ያለው የፎቶ ማተሚያ ነው፤ የልጄን የልደት ፎቶ ያሳተምኩበት። ያኔ አካውንቱን የከፈትኩት በእኔ ስልክ ቁጥር ስለሆነ ቴክስቱ ለእኔ መጣ። እኔ ግን ምንም አላዘዝኩም። ያን አካውንት ከእኔ ሌላ የሚጠቀምበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባሌ።

ሃያ አራት በሠላሳ ስድስት የሚለውን ደግሜ አነበብኩት።

እኛ ሰዎች ፎቶ በዚያ መጠን የምናሳትመው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሠርግ ቢሆን ሁለት ሰው ነው፣ ወርዱ ሰፊ ይሆናል፤ ደግሞም በቅርባችን ሠርግ ያለው ሰው አልነበረም። ይሄኛው ጠባብና ረጅም ነው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ። አንድ ሰው ለብቻው፣ በትልቁ፣ ከሥሩ ሻማ ሲበራለት አዳራሽ ውስጥ የሚቆመው መቼ እንደሆነ ማንም ሀበሻ ይነግርሃል። ስንት ለቅሶ ቤት እንደዚያ ያለ ፎቶ ታቅፌ ገብቻለሁ! ጥቁር ሪባን ጥግ ጥጉ ላይ የማስረውም እኔ ነኝ፤ እጅሽ ልቅም ያለ ነው ይሉኛል።

ሊንኩን ብነካው ፓስወርድ ጠየቀኝ። የማውቀውን ጻፍኩ፣ እምቢ አለ። ተቀይሯል። ሱቁ ጋ ደወልኩ፣ ማሽን አነሳው። ባሌ ጋ ደወልኩ።

ባሌ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ኤርፖርት ሲያመላልስ ስለሚውል ስልክ የሚያነሳው ሦስት አራቴ ተደውሎ ነው። ያን ቀን ገና ከመጥራቱ አነሳው።

«ሃሎ፣ የኔ ቆንጆ።»

የኔ ቆንጆ? እኔና እሱ ስልክ ላይ «ምን ሆንክ?» «አንቺ ምን ሆንሽ?» ነው የምንባባለው።

«የምን ፎቶ ነው ያዘዝከው?» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ሬድዮ እንኳ አልተከፈተም።

«ኧረ እሱ የአንድ ጓደኛዬ ነው። የሥራ ቦታ ነገር ነው፣ አንቺ ተይው።»

«የትኛው ጓደኛህ?»

«አታውቂውም። ምሳ በልተሻል?»

ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ ከተጋባን ጀምሮ ምሳ መብላቴን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ የማላውቀው ጓደኛም የለውም። ሌላ ቀን ቢሆን «አንተ ውሸታም» ብዬ ልክ ልኩን ነግሬው ነበር የምዘጋው። ያን ቀን ግን «በልቻለሁ» አልኩና ዘጋሁ። ያመጣሁት ምሳ ከነሳህኑ ፊቴ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። እሑድ እሑድ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ያነሳችው ታናሽ እህቴ ነበረች። እማዬ ተኝታለች አለችኝ። ድምጿ ሻክሮብኝ «ምነው?» ስላት «ጉንፋን ይዞኝ ነው እታለም» አለች። ማክሰኞ ስደውል ደግሞ እማዬ ቤተክርስቲያን ሄዳለች ተባልኩ። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ በዚያ ሰዓት ቤተክርስቲያን ምን ትሠራለች? እኔ ሞኟ «እሺ በሉ ሳሙልኝ» ብዬ ዘግቼ ልብስ ማጠፌን ቀጠልኩ።

ረቡዕ ባሌ «ስልክሽ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ላስተካክልልሽ» ብሎ ወሰደው። ሲመልስልኝ ሶሻል ሚዲያው በሙሉ የለም። አፕዴት ሲያደርግ ጠፋ አለኝ። እሱ እኮ የራሱን ስልክ ድምፅ ለመቀነስ እንኳ ለልጃችን ነው የሚሰጣት! ያን ጊዜም አልጠረጠርኩም። ሥራ ቦታ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ የቅዳሜ ሺፍቴን «እኔ ልግባልሽ፣ አንቺ እረፊ» አለችኝ። ቅዳሜዋን በሽጉጥ ቢያስፈራሯት የማትሰጥ ሴት ናት። ደስ ብሎኝ አመሰገንኳት።

ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ዴንቨር እንደመጣን ካፒቶል ሂል ተከራይተን ስንኖር፣ እዚያው ፎቅ ላይ አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች። አባቷ ሲሞት ደበቅናት። የስልኳን ቻርጀር የሸሸግኩት እኔ ነኝ። አሠሪዋ ጋ ደውዬ ፈቃድ የጠየቅኩላት እኔ ነኝ። ማታ እራት አብልተን፣ አሥቀን አስተኝተናት፣ ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎች ጋር በሯን አንኳኳን። ሰው መርዶ ብቻውን እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ ወይ ሥራ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ክፋት የለውም፣ ደግነት ነው። ያ ደግነት አሁን ግን ወደ እኔ እየመጣ ነበር።

አለቃዬን አሞኛል አልኳት። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ሲክስዝ አቬኑን ይዤ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ከአፌ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እመቤቴ፣ እናቴን አታድርጊው። እማዬን አታድርጊብኝ።» ቀይ መብራት ላይ ሳይቀር ጮክ ብዬ ነው የምለው፤ ጎን ያለው ሰውዬ መስኮቱን ዘግቶ ያየኛል። ፊቷ ይመጣብኛል፣ ደግሞ ይጠፋብኛል። ባለፈው ወር «ካርዱ አለቀብኝ» ብላ ንግግሯን ሳትጨርስ የተቋረጠችውን አስታወስኩ። መልሼ አልደወልኩም ነበር፤ ደክሞኝ ነበራ። ምን ልትለኝ ነበር? መስመር ስቼ አንድ ትልቅ መኪና ጆሮዬን በክላክስ አደነቆረኝ። «ሙች!» ብዬ ሰደብኩትና ወዲያው ደነገጥኩ፤ በዚያን ቀን እንዴት ያን ቃል ከአፌ አወጣሁ ብዬ አማተብኩ።

አንድ ነገር ልናገር። ኮልፋክስ ጎዳና ከመድረሴ በፊት «እናቴ ብቻ አትሁን እንጂ ሌላው እንደፈቃድህ» አልኩ። አልኩት። ለእግዚአብሔር፣ በአፌ፣ ደጋግሜ።

ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ከመኪና መውጣት አቃተኝ። ካላየሁት እናቴ አለች። በሩን ከፍቼ እስክገባ ድረስ እናቴ ጓሮዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። ተመልሼ ልሂድ አልኩ። ባሌም፣ ሽማግሌዎቹም እንዳሰቡት አድርገው ይንገሩኝ፤ እኔ ለምን ቀድሜ እሮጣለሁ? ግን እስከዚያ ድረስ እንዴት ልቀመጥ? እንደዚያ እያልኩ እግሬ ራሱ ወረደ።

ባንኮኒው ጋ ያለችው ሽበቷን ጠቅልላ ያሰረች ትልቅ ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ስልኬን ከነቴክስቱ ዘረጋሁላት። «አሃ፣ ትንሹ ፎቶ! ማሽኑ ነው መልእክቱን የሚልከው። ነይ ላሳይሽ፣ ካላየሽው አይገባሽም» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እያየሽ ነው?» አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሰው የለም። ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡናማ አራት ማዕዘኖች ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፤ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ይመስላል።

«ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ይሄን ያህል ነው የሚተልቀው። እኔ የማትመው ነጥብ በነጥብ ነው። አንድ ኢንች ላይ ሦስት መቶ ነጥብ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ከሩቅ ለሚታይ ደግሞ መቶም፣ መቶ ሃምሳም ያስኬዳል። ይሄ በኢንች አሥራ አምስት ብቻ ነው ያለው። የሌለውን ከየት ላምጣው? ያለውን እለጥጠዋለሁ፣ እንዲህ ይሆናል።»

እሷ ስለ ነጥብ ታስረዳኛለች፤ እኔ ነጩን አያለሁ። ነጭ ልብስ ነው። እናቴ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ነጭ ነው የምትለብሰው። ያ ግራጫው ሽበቷ ነው? ያ ቡናማው እጇ ነው? ከዚያ ሁሉ አራት ማዕዘን ውስጥ እናቴን ልለቅማት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የሆነ ቦታ ላይ ዓይን አለ፣ ግን ዓይን መሆኑ አያስታውቅም።

«እባክሽ አሳንሺው። ፊቱን አሳዪኝ» አልኳት።

ማውዙን አሽከረከረች። አራት ማዕዘኖቹ ተጠጋጉ። ነጩ ነጠላ ሆነ፣ ጥለቱም ታየ። አንገት መጣ። ፀጉሩ አጭር ነው።

ወንድሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እናቴ አይደለችም! እፎይ ብዬ ባንኮኒውን ተደገፍኩ፣ ፈገግ ሁሉ ሳልል አልቀረሁም። ትንፋሼን ስቤ ሳልጨርስ ያልኩት ነገር መጣብኝ። ሌላው እንደፈቃድህ። ያን ሁሉ መንገድ ስለ እናቴ እየለመንኩ ስሙን አንዴ እንኳ አልጠራሁትም ነበር። ስለ እሱ መፍራት አልመጣልኝም። ልጅ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ከእኔ በስንት ዓመት ያንሳል፤ ማን ስለ እሱ ይፈራል?

ሴትዮዋ «ይሄ ከብዙ ሰው መሃል ተቆርጦ የወጣ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው። የት እንደተነሳ ወዲያው አውቄዋለሁ። አገር ቤት የሄድኩ ጊዜ፣ ለጥምቀት ሁላችንም ነጭ ለብሰን እናቴ ግቢ ውስጥ የተነሳነው ነው። ወንድሜ ሥራው ሌላ ቢሆንም የቤቱ ፎቶ አንሺ እሱ ነው። ሰው ስልክ ሲያወጣ ቀምቶ «ቆይ፣ አንቺ አታውቂበትም» ይላል። በዚህ ምክንያት የእናቴ ፎቶ እኔ ስልክ ላይ ሞልቶ ተርፏል፣ የእሱ ግን የለም። ያን ቀን «ዛሬ እንኳ ግባ!» ብዬ ጎትቼ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ያሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥግ ላይ፣ ከኋላ ቆመ።

ባንኮኒው ጋ ቆሜ አሰብኩት። ሟቿ እናቴ ብትሆን ኖሮ ባሌ ይሄን የምታህል ቁራጭ ለምን ይልካል? የእሷን ጥሩ ፎቶ ባይኑ በብረቱ ሲያየው ነው የሚውለው፤ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ትንሽነቱ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ፍርሃት ማሰቢያ አይሰጥም እንጂ።

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ሳይገባት አልቀረም፤ ወንበር አመጣችልኝ። «የማነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የወንድሜ።»

«ያምራል። ዋናው ፎቶ የማን ስልክ ላይ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የባሌ ጭንቀት የገባኝ። ዋናው ያለው እኔ ጋ ነው። ያኔ ከአገር ቤት በመልእክት መላኪያ አፕ የላክሁለት ፎቶ ነው እሱ ጋ ያለው፤ አፑ ደግሞ ቶሎ እንዲሄድ ብሎ ፎቶውን ያኮማትረዋል። ከዚያ ላይ ቆርጦ ወንድሜን ብቻ አወጣ። «ዋናውን ላኪልኝ» እንዳይለኝ፣ ለምን እለዋለሁ። ፎቶው በዓለም ላይ ሊጠይቀው የማይችለው አንድ ሰው እጅ ነው የወደቀው። ምስኪን! ረቡዕ ስልኬን የወሰደ ጊዜም ፎቶው እጁ ላይ ነበር፣ አላወቀም።

ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አገኘሁት። እናቴ መሃል ላይ ተቀምጣለች፣ እህቴ ትሥቃለች፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ወንድሜ ከኋላ ጥግ ላይ አለ። ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯ ላይ አስገባችው፣ በእሱ ዙሪያ ቆረጠችው፣ አተለቀችው። ዓይኑ ዓይን ሆነ። ቅንድቡ ላይ ፀጉሩ ይቆጠራል። አፉን ከፍቶ ይሥቃል፣ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል።

ያን ጥርስ ልጅ ሆኖ ከብስክሌት ወድቆ ነው የሰበረው። ከዚያ ወዲህ ሲሥቅ ከንፈሩን ይገጥማል፤ ካልገጠመም በእጁ ይሸፍነዋል። ያን ቀን የጎረቤት ልጅ ስልኩን ገልብጦ ስለያዘው ሣቁ አምልጦት ነው። ባሌ በላከው ላይ ጥርሱ ሙሉ ነው የሚመስለው፣ አንድ ነጭ ነጥብ። እዚህ ላይ ግን ተሸርፎ ይታያል። ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ሴትዮዋ ቆይታ ቆይታ «ሃያ አራት በሠላሳ ስድስት አሁንም ትልቅ ነው፤ ከበፊቱ ይሻላል፣ ግን ፊቱ ይሟሟል። አሥራ አንድ በአሥራ አራት ካደረግሽው በኢንች ወደ መቶ ነጥብ ይደርሳል። ግድግዳ ላይ ሆኖ ጥሩ ነው፣ ቀርበሽም ታይዋለሽ» አለችኝ።

የእኛ ሰው ትልቅ ይወዳል። አዳራሹ በር ላይ ሆኖ የሚታይ ካልሆነ ያነሰ ክብር የሰጠነው ይመስለናል። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ስንቱን «አተልቁት» ብያለሁ።

«ይነስ። ይነስና እሱ ይሁን» አልኳት። ከዚያ ለመንኳት። «ባሌ ሲመጣ እኔ እዚህ መምጣቴን አትንገሪው። ሌላ ፋይል ተገኘ በይው።» ለምን አላለችኝም።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አሁንም በደንብ መናገር አልችልም። ቤት ገብቼ «አውቄያለሁ» ብል አንድ ቃል ነበር። ግን ካልኩት ያልቃል። እስካሁን አንዲት ሴትዮ እና አንድ ስክሪን ብቻ ናቸው የነገሩኝ፤ ሰው አልነገረኝም። ሰው ካልነገረኝ ምናልባት ታሞ ነው፣ ምናልባት ዳነ፣ ምናልባት ባሌ ተሳስቶ ነው እያልኩ ሄድኩ። የሞተ ሰው ፎቶ ላይ ጥርሱን ነክቼ መጥቼ፣ ሐሰት ነው የሚል ነገር እፈልጋለሁ። ሰው ሲፈራ ልቡ እንዲህ ነው።

ቤት ስደርስ ባሌ ቀድሞኝ ገብቷል። ዶሮ ወጥ ከሆነ ቤት መጥቶ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ማን ሠራው አልኩ፣ ጎረቤት አለኝ። ዓይኔን አያየኝም፤ እኔም አላየውም። ልጄ መጥታ ያለምንም ነገር ወገቤን አቀፈችኝ። «ምነው ማሚ?» ስላት በእንግሊዝኛ «ዝም ብዬ ነው» አለችና አልለቅ አለችኝ። እሷም ታውቃለች! ቤቱ ውስጥ የማላውቅ መስዬ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባሌ አንድ ሁለት ጉርሻ አጎረሰኝ። የማያጎርስ ሰው ነው። እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ እያወራረድኩ ዋጥኩት፤ እሱ ደግሞ ስበላ ሲያይ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፤ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነዋ። አዘንኩለት።

ተኛሁ፣ ማለት ዓይኔን ጨፍኜ ተጋደምኩ። የፈራሁት ሞቱን አልነበረም፤ እሱንስ አይቼዋለሁ። የፈራሁት የበሩን መንኳኳት ነው።

ሊነጋጋ ሲል ተንኳኳ። ባሌ ልብሱን ለብሶ ነበር የተኛው፤ ተነስቶ ከፈተ። የብዙ ሰው ጫማ ሰማሁ። ሳሎን ስወጣ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ቅዳሜዬን የወሰደችልኝ ጓደኛዬ በሩ ጋ አጎንብሳለች። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አባት እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» አሉኝ።

«አባባ፣ እባክዎ አይንገሩኝ» አልኳቸው።

እጄን አጠበቁት። «ወንድምሽን መኪና ገጭቶት አርፏል፣ ልጄ። ተቀብሯል።»

አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። የጮህኩት ጩኸት ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሴቶቹ እጄን ያዙኝ። ስሙን ጠራሁት። ትናንት ያን ሁሉ መንገድ ያልጠራሁትን ስም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጠራሁት።

ረፋዱ ላይ ባሌ ፎቶ ቤቱ ደርሶ አንድ የታሸገ ነገር ይዞ ገባ። ካርቶኑን ገለጠውና ቆመ። ከጠበቀው ያነሰ ነው፣ ከላከው ደግሞ ሌላ ነው። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ አየው፣ ቀና ብሎም እኔን አየኝ። ዓይኑ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ አቆመው፤ እኔም ተነስቼ ሪባኑን አሰርኩ፤ እጄ ልቅም ያለ ነው ይሉ የለ።

እናቴን አገናኙኝ አልኩ። ባሌ ደወለና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። እሑድም፣ ማክሰኞም ተኝታለች፣ ቤተክርስቲያን ናት የተባለችው፣ ድምፅዋን ሰምቼ እንዳላውቅ ነው። የእሷን ልቅሶ በስልክ እንዳልሰማ ነው የሸሸጓት።

«ነገሩሽ ልጄ?» አለችኝ።

«ነገሩኝ እማዬ።»

ብዙ አለቀስን። እሷ ድምፅዋ አልቆ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ «እዚህ የሰቀሉት ፎቶ እሱን አይመስልም» አለችኝ። «ከመታወቂያው ላይ አንስተው አሳድገውት ነው። ጭጋግ ነው ልጄ። ሰው እየመጣ ያለቅሳል፣ እኔ ቀና ብዬ ባየው ባየው ልጄን አጣሁት። ለእህትሽ ሌላ ፈልጊ ብላት የለም አለችኝ። ለካ ልጄ ፎቶ የለውም።»

«እኔ ጋ አለ እማዬ» አልኳት።

ለእህቴ ላክሁላት። እንደ ፎቶ አልላክሁትም፣ አፑ እንዳያኮማትረው እንደ ፋይል አድርጌ ላክሁት፤ ሴትዮዋ አሳይታኝ ነበር። የእነሱ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። እናቴ ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። እህቴ «ገባ» ስትል ሰማሁ። «ቆይ እማዬ፣ ላተልቅልሽ፣ ይኸው» አለቻት።

ምንም አልተሰማም። ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ጥርሱ» አለች እናቴ። «ልጄ፣ ጥርሱ።»